ሳታዩን ማርክ አትስጡን፦ ከቅድመ አንደኛ ደረጃ መምህርነት ሠልጣኞች ለኮሌጃችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ለኮሌጃችን የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ዲን ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የፕራክቲከም (ትምህርት ቤት ገብቶ የማስተማር ልምምድ) ምዘና ለውጥ እንደገና እንዲታይልን ስለመጠየቅ

ክቡር ምክትል ዲን፣

እኛ ጎጃም ውስጥ ካሉት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በአንዱ የቅድመ አንደኛ ደረጃ መምህርነት የመጨረሻ ዓመት ሠልጣኞች ነን። ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከቡሬ፣ ከዳንግላና ከየገጠር ቀበሌው የመጣን ስንሆን አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። የኮሌጁን ስም እዚህ አልጻፍንም። የሚመለከታቸው ያውቁታል፤ ለሌላው አንባቢ የሚጠቅመው ነገሩ ነው። ቅሬታችንን መጀመሪያ ለትምህርት ክፍሉ በቃል፣ ቀጥሎም በጽሑፍ አቅርበን ነበር። ያገኘነው መልስ «ከላይ የመጣ ነው» የሚል ብቻ ስለሆነ በአደባባይ ለመጻፍ ተገደናል።

ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ የፕራክቲከም ውጤታችን ከመቶ ስልሳው በጽሑፍ ፈተና፣ አርባው ደግሞ ተጠርዞ በሚገባ ፋይል እንዲያዝ ተወስኗል። ክፍል ገብቶ ስናስተምር የሚያየን ሱፐርቫይዘር አይኖርም። ይህን የሚገልጸው ማስታወቂያ የተለጠፈው በየትምህርት ቤቱ ተመድበን ልምምድ ከጀመርን በኋላ ነው። ምክንያቱ አልጠፋንም። መንገዱ አስተማማኝ አይደለም። ለመምህራን አበልና ትራንስፖርት የሚሆን ገንዘብ የለም ይባላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በጸጥታው ችግር ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የተዘጉት የታናናሽ እህትና ወንድሞቻችን ትምህርት ቤቶች ናቸው። በዚህ አንከራከርም። የምንከራከረው መኪና ሲጠፋ አብሮ ምልከታው ራሱ እንዲቀር በመደረጉ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ውሳኔውን ያሳለፉት መምህራን አብዛኞቹ ከሌላ የትምህርት ዘርፍ ስለሆኑ ስለ ሙያችን ጥቂት እንድንል ይፈቀድልን። የአምስት ዓመት ልጅ ወረቀት ተሰጥቶት አይፈተንም። ገና አይጽፍም፤ የጠየቁትን ሁልጊዜ አይመልስም፤ ትናንት የቻለውን ዛሬ እንቅልፉ ከመጣ አይሠራውም። ስለዚህ መምህሯ ሲጫወት፣ ሲጣላ፣ ሲደረድር፣ ሲያወራ ትመለከተዋለች፤ ያየችውንም ፍርድ ሳትጨምርበት ባጭሩ ትጽፋለች። የነገ እቅዷ የሚወጣው ከዚያ ማስታወሻ ነው። በአንድ እግሩ መቆም የሚያቅተውና ገመድ መዝለል የጀመረው አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ፣ ለነገ የሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ መሬት ላይ ስታሰምር ለሁለቱም እንዲሆን አድርጋ ታሰምራለች። በእኛ ዘርፍ ማቀድና መመዘን ተነጣጥለው አይሄዱም፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላውም አብሮ ይበላሻል።

ከጓደኞቻችን የአንዷን የምልከታ ደብተር ፈቅዳልን እንጥቀስ። ማስታወሻውን የያዘችው አንድ ልጅ ቆርኪ ሲደረድር እያየች ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሦስት ደረደረ። አራተኛውን አንስቶ መለሰው። ለምን ስለው ‹ይሄ የእኔ፣ ይሄ የእማዬ፣ ይሄ የአባዬ› አለ። ለአያትህስ ስለው አራተኛውን ጨመረ። ለማን እንደሆነ ካወቀ ይቆጥራል። ነገ፦ የቡና ስኒ ለእንግዳ የማደል ጨዋታ።» እዚህ ውስጥ ምዘናም አለ፣ እቅድም አለ። ይህች ጓደኛችን በምዘና ኮርስ ያገኘችው ሲ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነበር፤ የምዘና ዓይነቶችን ስም ከትርጓሜያቸው ጋር ማዛመድ ነበረባት፤ ተሳሳተች። ደብተሯን ማንም አላየላትም። በአዲሱ አሠራርም የሚያየው የለም፣ ምክንያቱም ወደ ፋይሉ የሚገባው በተሰጠው ቅጽ ላይ የተሞላ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቻችንን እንዘርዝር።

የመጀመሪያው ፈተናው ነው። ለዝግጅት የተሰጠን ሞዴል ፈተና ላይ ፍሮበል የመጀመሪያውን መዋዕለ ሕፃናት በስንት ዓመተ ምሕረት እንደከፈተ ተጠይቀናል። በ1837 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመን አገር፤ ሁላችንም መልሰናል። ሞንቴሶሪ የሕፃናት ቤቷን የት ከፈተች? ሮም፣ በ1907 እ.ኤ.አ.። ይህንንም መልሰናል። ማሪያ ሞንቴሶሪ ሐኪም ነበረች። ዘዴዋን ያቆመችው ሕፃናት በፈቀዱት ሥራ ሲጠመዱ ቁጭ ብላ እየተመለከተች ነው። የእሷን ዓመተ ምሕረት የሸመደደ ያልፋል፤ እንደ እሷ ሕፃን መመልከት የቻለ ግን ችሎታውን የሚያሳይበት አንድም ጥያቄ የለም። ሰባ የሚሆኑ ሕፃናት ፊት ቆማ የማታውቅ ሠልጣኝ በዚህ ፈተና ስልሳውን ከስልሳ ልታገኝ ትችላለች። ቋንቋውም ሌላ ጣጣ ነው። ወጥተን የምናስተምረው በአማርኛ፣ በአዊ በኩል ለተመደብነው ደግሞ በአዊኛ ነው። በእንግሊዝኛ ተጠይቀን በእንግሊዝኛ የምንመልሰው የማስተማር ችሎታችንን ምን ያህል እንደሚያሳይ ለእርስዎ ፍርድ እንተወዋለን።

ሁለተኛው የእቅድ ቅጹ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይበታለን። በኮሌጁ ያሉ ትምህርት ክፍሎች በሙሉ አንድ ዓይነት የዕለት ትምህርት እቅድ ቅጽ ይጠቀማሉ። ለ7ኛ ክፍል ሒሳብ የሚሞላው ለእኛም ይሞላል። አርባ ደቂቃ፤ መግቢያ አምስት፣ ገለጻ ሃያ፣ የተማሪ ተግባር አሥር፣ ማጠቃለያ አምስት። ዓላማው «በዚህ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ተማሪዎች ይዘረዝራሉ፣ ይገልጻሉ፣ ያብራራሉ» እያለ መጀመር አለበት። የአምስት ዓመት ልጅ ምን ያብራራል? ሃያ ደቂቃ ገለጻስ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል? ትልቁ ሰው እንኳ በስብሰባ ላይ አይችለውም።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ የሆነውን እንንገርዎ። አንዷ ጓደኛችን የተመደበችበት ኦ ክፍል (ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው የአንድ ዓመት ክፍል) ቆርቆሮ ጣራ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ልጆቹ በአግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ነበር የሚቀመጡት። የዕለቱ ትምህርት ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን መለየት ነበር፤ በቅጹ መሠረት ቻርት ሰቅላ ገለጻ ጀመረች። ያን ጊዜ ዝናብ ወረደ። ጣራው ሲመታ የራሷን ድምፅ እንኳ መስማት አልቻለችም። ቻርቱን አጠፈችና ለሌላ ቀን ያዘጋጀችውን ከረጢት አወጣች፦ ቆርኪ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ በመቀስ የተቆረጠ ካርቶን። በየአግዳሚው እፍኝ እፍኝ አደለች፤ አንድ ክብ ወደዚህ፣ አንድ ሦስት ማዕዘን ወደዚያ አድርጋ በእጇ አሳየች። ልጆቹ ያለ ቃል ለዩ። ከኋላ አግዳሚ ያለ አንዱ ልጅ አላግባብ ተቆርጣ አምስት ማዕዘን የወጣችውን ካርቶን ለብቻዋ አስቀምጦ መምህሯን ጠበቃት፤ እሷ አላስተማረችውም። ዝናቡ እስኪያባራ ቀጠሉ።

ሱፐርቫይዘሩ በዚያ ቀን ከኋላ ተቀምጠው ነበር። የጻፉት አስተያየት «ከእቅዱ ወጥታለች። የማጠቃለያ ጥያቄ አልጠየቀችም። ሰሌዳ አልተጠቀመችም» የሚል ነው። ነጥብ ተቀነሰባት። ጋዋን ስለለበሰች ግን ለአለባበስ ሙሉ ተሰጣት።

ይህን የምናነሳው እኒያን መምህር ለመውቀስ አይደለም፤ የተሰጣቸውን ቼክሊስት ነው የሞሉት። ነገር ግን ሱፐርቫይዘር ይመለስልን ስንል የድሮው እንደነበረ ይመለስ ማለታችን እንዳልሆነ እንዲታወቅልን እንፈልጋለን። የድሮውም ጎዶሎ ነበር። ቢሆንም አንድ ሰው ከኋላ ተቀምጦ አይቷል፤ ተሳስቶ ቢጽፍ እንኳ «እንዲህ ስላደረግሁ ነው» ብለን የምንሟገትበት ነገር ነበረን። ከፈተና ወረቀት ጋር ምን ተብሎ ይሟገታል?

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዋሸራም፣ በጎንጅም፣ በዲማም የቅኔ ተማሪ ለብቻው ሄዶ ቅኔውን ይቆጥራል፣ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ሰምቶ እዚያው ያቃናለታል። ሲቀኝ ሳይሰማ «ተመረቀ» የተባለ የቅኔ መምህር አያቶቻችን አያውቁም። እኛን ግን ስናስተምር ማንም ሳያየን መምህር ሊያሰኙን ነው።

ሦስተኛው ፋይሉ ነው። ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የተዘጋጀ የፕራክቲከም ፋይል በፍላሽ ይሸጣል። ዕለታዊ እቅዱ፣ ሳምንታዊ እቅዱ፣ የሕፃናት ምልከታው፣ ሠልጣኟ ስለ ራሷ አስተማመር የምትጽፈው ነጸብራቅ፣ ሁሉም ተሟልቶ። ስም መቀየር ብቻ ነው የሚቀረው። ባለፈው ዓመት ከገቡት ፋይሎች በአንዱ ውስጥ የሌላ ዞን ትምህርት ቤት ስም ሳይቀየር ቀርቶ ነበር፤ ያም ሆኖ ከፍተኛ ውጤት አግኝቷል። ማንም እንዳላነበበው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። አሁን ይኸው ፋይል አርባ በመቶ ሊይዝ ነው። ማታ ማታ በእጇ ጽፋ፣ ልጆቹን በስማቸው ጠቅሳ ያዘጋጀችው ልጅ፣ ጽሑፏ በኮምፒውተር ስላልተጻፈ «ንጽሕና» በሚለው መስፈርት ከገዛችው ያነሰ ታገኛለች። መስፈርቱ ራሱ ደግሞ የሚነገረን ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ነው፣ ያውም ከተነገረን።

አራተኛውን ባጭሩ። ተከታታይ ምዘና የሚባለው ነገር እኛ ላይ የሚታየው ከስምንት ሰው ጋር በቡድን በሚሠራ አሳይመንትና በቴስት ነው። የተመለሰልን ወረቀት የለም። የት እንደተሳሳትን ሳናውቅ ወደ ሚቀጥለው ኮርስ እንሻገራለን።

አምስተኛው የልጆቹን ቋንቋ ይመለከታል። አዊ ውስጥ የተመደበች ጓደኛችን ቼክሊስት ላይ «የቀለማትን ስም ይናገራል» የሚል ነበር። አንድ ልጅ ዝም አላት፤ ኤክስ አደረገችበት። እረፍት ላይ በአዊኛ ስትጠይቀው አንድ በአንድ ጠራላት፤ የአስተማሪዋን የጫማ ቀለም ሳይቀር። እሷ ቋንቋውን ስለምታውቅ ልጁ ተረፈ። የማታውቀው ብትሆን ኖሮ ልጁ «ቀለም አይለይም» ተብሎ ተጽፎበት ይቀር ነበር። ሥልጠናችን ውስጥ በዚህ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አልተሰጠንም። ቅጹም ልጁ በየትኛው ቋንቋ እንደተጠየቀ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

ስድስተኛው የተግባር ክፍላችን ነው። ኮሌጁ የጨዋታ ማዕዘን ያለው ሞዴል ክፍል አለው። የግንባታ ማዕዘን፣ የቤት ማዕዘን፣ የመጽሐፍ ማዕዘን፣ የአሸዋና የውሃ። በመስኮት አይተነዋል። መጫወቻዎቹ ከነፕላስቲካቸው ናቸው። ለመጠቀም ስንጠይቅ ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ካልተፈረመ አይወጣም ተባልን፤ የሚፈርመው ደግሞ ማን እንደሆነ ንብረት ክፍሉም ትምህርት ክፍሉም አንዱ በሌላው ያሳብባሉ። ኦ ክፍል ስንገባ መጫወቻ በጭቃ፣ በበቆሎ ቆረቆንዳና በጠጠር እንሠራለን፤ እሱን እንችላለን። ነገር ግን የጨዋታ ማዕዘን ምን እንደሚመስል በመስኮት አይቶ መምህር የሆነ ሰው ሌላ አገር ይኖር ይሆን?

ይህ ሁሉ እኛ ላይ ቢቀር ባልጻፍን ነበር። እንዴት እንደተመዘንን እንዲያው እንመዝናለን። ልምምድ ላይ ሳለን ከተመደብንባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ ለኦ ክፍል ልጆች ከመቶ የሚታረም የጽሑፍ ፈተና እንድናወጣ ጠየቀን። አወጣን፤ ማውጣት ነው የተማርነው። ውጤቱ ተደምሮ ደረጃ ወጣ። ካርድ ሲሰጥ አንድ አባት ከእርሻ መልስ፣ በትሩን እንደያዘ መጣና «ስንተኛ ወጣ?» አለ። ተነገረው። ልጁን ቀና ብሎ አላየውም። ያ ልጅ ተረት ሲነገር መጨረሻውን ቀድሞ የሚገምት፣ ጓደኞቹ ሲጣሉ ገብቶ የሚያስታርቅ ልጅ ነው። ይህን ለአባቱ የሚናገር ካርድ አልነበረም፣ እኛም እንዴት እንደሚዘጋጅ ተፈትነንበት አናውቅም።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት አስቀምጧል። የገጠር ልጅ እስካሁን ካገኘ የሚያገኘው የአንድ ዓመት ኦ ክፍል ነበር፤ እሱም ብዙ ጊዜ ለዘርፉ ባልሠለጠነ መምህር። ዓመቱ እጥፍ ሲሆን ክፍሎቹን እንድንይዝ የምንላከው እኛ ነን።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

የስልሳ በመቶው የጽሑፍ ፈተና ውሳኔ ለዘንድሮ እንዲነሳ እና የፕራክቲከም ውጤት አብዛኛው ድርሻ በክፍል ውስጥ ምልከታ እንዲያዝ። ሱፐርቫይዘር ሩቅ መሄድ ካልቻለ መፍትሔ አለ፦ ከተማው ውስጥና በእግር በሚደረስበት ቦታ ያሉ ኦ ክፍሎች ተለይተው በፈረቃ እንመደብ። ሩቅ ያለነውን የተመደብንበት ትምህርት ቤት መምህርት ትመልከተን፤ ለዚህ የሚሆን አጭር ገለጻና አንድ ገጽ ቅጽ ይሰጣት። እኛም ጥንድ ጥንድ ሆነን አንዳችን ሌላዋን ተመልክተን የጻፍነው ማስታወሻ ይያዝልን።

ለትምህርት ክፍላችን ብቻ የሚሆን የእቅድ ቅጽ ይዘጋጅ። ደቂቃው አጭርና ተለዋዋጭ፣ ጨዋታው የሚታይበት፣ መምህሯ ሁኔታውን አይታ እቅዷን ስትቀይር ምክንያቷን የምትጽፍበት ቦታ ያለው። የልጁ አፍ መፍቻ ቋንቋም ይመዝገብበት። ቅጹን ስታዘጋጁ ከመካከላችን ሁለት ሰው ይቀመጥ፤ ሌላ ምንም አንልም።

በእጅ የተጻፈ የምልከታ ደብተር ለፋይል ምትክ ሆኖ ይታይ። ከገባው ውስጥ የተወሰነው በቃል ጥያቄ ይረጋገጥ፤ የራሷን ደብተር የጻፈች ሠልጣኝ ስለ ልጆቹ አምስት ደቂቃ ብትጠየቅ አታጣም። የገዛችው ታጣለች። መስፈርቱ ሴሚስተሩ ሲጀመር ይለጠፍ፣ የታረመ ሥራ ደግሞ ከፋይናል ፈተና በፊት ይመለስልን። የጽሑፍ ፈተና የሚቀር ካልሆነ ጥያቄዎቹ ከክፍል ውስጥ ሁኔታ ይውጡ፣ በአማርኛ ወይም በአዊኛ መመለስም ይፈቀድ።

ሞዴል ክፍሉ ይከፈት። ሞዴል 22 የሚፈርመው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልን።

ውጤት ወደ ሬጅስትራር ከመተላለፉ በፊት መልስ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን። በአካል ለመነጋገር ከጠሩን የምልከታ ደብተሮቻችንን ይዘን እንመጣለን።

ከሰላምታ ጋር፣

የቅድመ አንደኛ ደረጃ መምህርነት የመጨረሻ ዓመት ሠልጣኞች ተወካዮች

ግልባጭ፦
ለኮሌጁ ዲን ጽሕፈት ቤት
ለቅድመ አንደኛ ደረጃ መምህርነት ትምህርት ክፍል
ለፕራክቲከም ማስተባበሪያ
ለሠልጣኞች መማክርት